ሞተሩን የሚያዝዘው ማን ነው?

በሥራ ቀን፣ ያውም የታክሲ ሰልፍ በሚረዝምበት ሰዓት፣ ስለ ሞተር ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ነገሩ ሲታሰብ ግን አይገርምም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ በር ላይ ቆሟል። ቢዋይዲንና አይዲ 4ን በስማቸው የማይጠራ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ከመካከላችሁ የገዛ አለ፤ ለመግዛት ብር የሚያጠራቅም አለ፤ ጎረቤቱ ሲገዛ አይቶ «ቆይ፣ እናያለን» ያለም አይጠፋም።

ዓላማዬ ጠባብ ነው። ስለ ባትሪው ዕድሜ፣ ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያና ስለ መለዋወጫ ዋጋ ዛሬ አልናገርም፤ እነዚያ ሌላ ምሽት ይፈልጋሉ። የማወራው መኪናውን ስለሚገፋው ሞተርና ሞተሩን ስለሚያዝዘው ክፍል ነው። በመጀመሪያ ሞተሩ ለምን እንደሚዞር በአጭሩ እናያለን። ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ እንሻገራለን፤ ማን፣ እንዴት እንደሚቆጣጠረው። ብዙውን ጊዜ የምወስደውም እዚያ ነው። በመጨረሻ ይህን ማወቅ ለነጂውና ለመካኒኩ ምን እንደሚፈይድ አንዳንድ ነገር እላለሁ። ላስረዳችሁ የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው፦ ሞተሩ ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ አሮጌ ዕቃ ነው፤ መኪናውን አዲስ ያደረገው አዛዡ ነው።

ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ፔዳል ሲረገጥ ከባትሪው ወደ ሞተሩ ኮረንቲ የሚለቅ ይመስለዋል። በቤንዚን መኪና ነገሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ፔዳሉ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ይከፍታል፣ ነዳጁም አየሩን ተከትሎ ይጨመራል። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ከፔዳሉ ሥር ያለው ጥንድ ሴንሰር ብቻ ነው። ጥንድ የሆነውም አንዱ ቢሳሳት ሌላው እንዲያጋልጠው ነው። እግራችሁ የሚልከው ጥያቄ ነው፤ «ይህን ያህል የማዞር ጉልበት ስጠኝ» የሚል። ኮምፒውተሩ ባትሪው ምን ያህል መስጠት እንደሚችል፣ ሞተሩ መሞቁን፣ ጎማው መንሸራተት አለመንሸራተቱን መርምሮ ይፈቅዳል። አንዳንዴም ከተጠየቀው ቀንሶ ይሰጣል።

ወደ መጀመሪያው ክፍል ልግባ። እ.ኤ.አ. በ1820 የዴንማርኩ ሐንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ፣ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አየ። በዓመቱ ለንደን ላይ ማይክል ፋራዴይ በሜርኩሪ ውስጥ በቆመ ማግኔት ዙሪያ ሽቦ ያለማቋረጥ እንዲዞር አደረገ። የሞተር ነገር የጀመረው ከዚያ ነው። ችግሩ ማግኔት ከሚስበው ነገር ጋር ፊት ለፊት ከተገናኘ በኋላ ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። እንዲዞር ከተፈለገ የሚስበው ነገር ሁልጊዜ ቀድሞት መሄድ አለበት።

አንዱ መፍትሔ ከሚዞረው ክፍል ጋር እየተፋተገ የኮረንቲውን አቅጣጫ የሚያገለባብጥ ካርቦን ነው። መኪና የሚያስነሣው ሞተሪኖ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ካርቦኑ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ጧት በግፊ የተነሣ ሁሉ ያውቃል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ይነዱ የነበሩት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ሞተራቸው ባለ ካርቦን ነበር። ፍጥነታቸው የሚለወጠውም ባትሪዎቹን አንዴ በተከታታይ፣ አንዴ ጎን ለጎን በማያያዝ በደረጃ ነበር። ይሄዳሉ፤ ግን እንደ ነገሩ ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ በ1880ዎቹ መጣ። ኒኮላ ቴስላና ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ ፌራሪስ በየፊናቸው ደረሱበት፤ በ1889 ደግሞ ሚካኤል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ በርሊን ላይ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር አድርጎ ሠራው። ሦስት የመዳብ ሽቦ ጥቅሎችን እንደ ሦስት ጉልቻ በእኩል ርቀት በክብ አስቀምጡ። በመጀመሪያው ጥቅል ኮረንቲው እየደከመ ሲሄድ በሁለተኛው እየበረታ ይምጣ፤ ሁለተኛው ሲደክም ሦስተኛው ይበርታ፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው። ጥቅሎቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም፤ የሚስቡበት አቅጣጫ ግን ዙሪያውን ይሄዳል። መካከላቸው ላይ ማግኔት ብታኖሩ ያን አቅጣጫ ተከትሎ ይዞራል። የማይንቀሳቀሰው ባለ ጥቅሉ ክፍል ስታተር፣ የሚዞረው ሮተር ይባላል። የሚፋተግ ካርቦን የለም፤ በመዞር ብዛት የሚያረጅ ቢኖር ሮተሩን የያዙት ኩሽኔታዎች ናቸው።

ሮተሩ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ቋሚ ማግኔት የሌለው፣ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ዘንጎች የተቀበሩበት ብረት ነው፤ ማግኔትነቱን የሚያገኘው ከስታተሩ ተበድሮ ነው። የቴስላ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሮድስተርና በ2012 ባወጣው ሞዴል ኤስ የተጠቀመው በዚህ ነበር። ሁለተኛው በብረቱ ውስጥ የኒዮዲሚየም ማግኔት የተሰካበት ነው። ይህን ማግኔት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጃፓን ማሳቶ ሳጋዋ፣ በአሜሪካ ጆን ክሮት ለየብቻቸው አገኙት። ማግኔቱ ኮረንቲ ሳይበላ የሚገኝ ስለሆነ ሞተሩ ብዙ አይሞቅም፣ ባትሪውም ረጅም መንገድ ያስኬዳል። ቴስላም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2017 በሞዴል 3 ወደዚህ ዞሯል። እኛ አገር በየቀኑ የምናያቸው ቢዋይዲና አይዲ 4 ሞተራቸው ባለ ቋሚ ማግኔት ነው፤ ከዚህ በኋላ የማወራውም ስለዚህኛው ነው።

አሁን ወደ አዛዡ። ባትሪው የሚያውቀው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኮረንቲ ብቻ ነው። ከ350 እስከ 400 ቮልት ባለው መኪና ውስጥ ይህን ቀጥተኛ ኮረንቲ ወደ ሦስት ፌዝ የሚለውጠው ኢንቨርተር የሚባለው ሣጥን ነው። ክዳኑ ቢከፈት ዋናው ነገር ስድስት የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፌዝ ሁለት፣ አንዱ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ አንዱ ወደ ነጌቲቭ። እያንዳንዳቸው በሰከንድ አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ክፍት የሚቆዩበት ቅጽበት ረዘም ሲል ጥቅሉ ብዙ ቮልት ያገኛል፤ ሲያጥር ጥቂት። የመዳቡ ጥቅል ድንገተኛ ለውጥ አይወድም፤ ያንን ሁሉ መቆራረጥ ራሱ አለስልሶ ከፍና ዝቅ የሚል ሞገድ ያደርገዋል። መኪናው ከቆመበት ቀስ ብሎ ሲነሣ የምትሰሙት ቀጭን ፉጨት በአመዛኙ የዚህ መክፈትና መዝጋት ድምፅ ነው።

ኢንቨርተር ብቻውን ግን አዛዥ አይደለም፤ እጅ ነው። አዛዡ በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሮተሩ በዚህች ቅጽበት የት እንዳለ ነው። ለዚህ በሮተሩ ጫፍ ላይ ሪዞልቨር የተባለ የአቅጣጫ መለኪያ ይገጠማል። ለምን እንዲህ እንደሚያስፈልግ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። 200 አምፔር ወደ ጥቅሎቹ ላክን እንበል። የጥቅሎቹ ስበት የሮተሩ ማግኔት በሚያይበት አቅጣጫ ከሆነ ሮተሩ አይዞርም፤ መዳቡ ይሞቃል፣ መኪናው ቆሞ ይቀራል። ያንኑ 200 አምፔር ስበቱ ማግኔቱን በ90 ዲግሪ እንዲቀድመው አድርጋችሁ ብትልኩት ሞተሩ ባለው ጉልበት ይገፋል። በ90 ዲግሪ ወደ ኋላ እንዲሆን ብትልኩት ደግሞ መኪናውን ይይዛል፤ ፍሬን ይሆናል። አምፔሩ ያው ነው፣ ሽቦው ያው ነው፤ የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ የሚጻፍ ከሆነ ይህ ይጻፍልኝ።

ይህ አቅጣጫ ደግሞ አይቆምም። የኒሳን ሊፍን ሞተር እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ በግልጽ ስለታተሙ ለማስተማሪያ ይመቻል። በሮተሩ ዙሪያ ስምንት የማግኔት ዋልታዎች፣ ማለትም አራት ጥንድ አሉት። በደቂቃ 10,000 ጊዜ ሲዞር በጥቅሎቹ ያለው ኮረንቲ በሰከንድ 667 ጊዜ ሙሉ ዑደት መጨረስ አለበት። ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣልን ኮረንቲ በሰከንድ 50 ዑደት ነው። አዛዡ በሰከንድ አሥር ሺህ ጊዜ ቢያሰላ በእያንዳንዱ ዑደት ለማረም የሚያገኘው ዕድል 15 ጊዜ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት እንዴት ተቻለ? መልሱ ከመኪና ጋር ግንኙነት ከሌለው ቦታ መጣ። በ1929 ሮበርት ፓርክ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የኃይል ማመንጫ ማሽኖችን ሲያጠና አንድ የሂሳብ ዘዴ አወጣ። ስታተሩ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሦስቱ ኮረንቲዎች ሲወጡና ሲወርዱ ራስ ያዞራሉ። ሮተሩ ላይ ተቀምጦ አብሮ እየዞረ ለሚያይ ግን ሦስቱ ተጠቃለው ሁለት ረጋ ያሉ ቁጥሮች ይሆናሉ። አንዱ ማግኔቱ በሚያይበት አቅጣጫ ያለው፣ ሌላው በ90 ዲግሪ የሚቀድመው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን የሲመንስ ባልደረባ የነበረው ፌሊክስ ብላሽኬ ይህን ሂሳብ ሞተር ለማዘዝ አዋለው። ዛሬ ፔዳል ስትረግጡ የሚሆነው ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ የፌዞቹን ኮረንቲ ይለካል፣ ሮተሩ የት እንዳለ ከሪዞልቨሩ ይቀበላል፣ በሁለቱ ቁጥሮች ይተረጉመዋል፤ ከተጠየቀው ጉልበት ጋር አስተያይቶ ጎድሎ እንደሆነ ይጨምራል፣ በዝቶ እንደሆነ ይቀንሳል፤ መልሶ ወደ ሦስት ፌዝ ለውጦ ስድስቱን ማብሪያዎች ያዝዛል። አንድ ዙር ጨርሶ እንደገና ይጀምራል። ፓርክ ወረቀቱን ሲጽፍ ይህን በዚህ ፍጥነት የሚያሰላ ማሽን በዓለም ላይ አልነበረም። የኤሌክትሪክ መኪና ያን ያህል ዘመን የጠበቀው ባትሪ ብቻ ነው ሲባል ስሰማ የማልስማማው ለዚህ ነው፤ ፈጣን ማብሪያና ፈጣን ስሌትም አልነበሩም።

ከአዛዡ ሳንወጣ ወደ ጉልበትና ወደ ፍጥነት እንለፍ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ተመልከቱ፤ ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ጎማ የወጣ ሞተር ነው። ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑት ሦስት ወፍራም ሽቦዎች ፌዞቹ ናቸው፤ አምስቱ ቀጫጭኖች ሮተሩ የት እንዳለ ለሚናገሩት ሴንሰሮች ነው። እስቲ አንተ ወንድሜ፣ ና አዙረው። ቀስ ብሎ ቆም ቆም እያለ ይዞራል፤ ማግኔቱ የብረቱን ጥርሶች አንድ በአንድ ሲያልፍ ነው። አሁን የሦስቱን ወፍራም ሽቦዎች ጫፍ አንድ ላይ እጠመዝዘዋለሁ። አዙረው። አየህ፣ እምቢ አለ፤ ብርቱ ሰው እንኳ በፍጥነት ሊያዞረው አይችልም። ባትሪ የለውም፣ ምንም የለውም። ማግኔቱ በጥቅሎቹ ፊት ሲያልፍ ቮልት ይፈጥራል፤ ሽቦዎቹ ሲገናኙ ያ ቮልት ኮረንቲ ያፈሳል፤ ኮረንቲውም ያመጣውን እጅ መልሶ ይገፋል። ሞተርና ዲናሞ አንድ ማሽን ናቸው።

ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ይህ የራሱ ቮልት ባትሪውን እየተቃወመ ያድጋል። በዝግታ ሲዞር ተቃውሞው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ኢንቨርተሩ የፈለገውን ኮረንቲ ማስገባት ይችላል፤ ሙሉ ጉልበት ከዜሮ ፍጥነት ጀምሮ የሚገኘውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሊፍ 280 ኒውተን ሜትር የማዞር ጉልበቱን ከቆመበት እስከ 2,730 ዙር በደቂቃ ድረስ ሳይቀንስ ይሰጣል። በማርሹ አንድ ለ7.94 ተባዝቶ ጎማው ላይ ሲደርስ ከ2,200 ኒውተን ሜትር ያልፋል። በመንገድ ሲመነዘር ያ ፍጥነት በሰዓት 40 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ 80 ኪሎዋት ኃይሉ ባለበት ይቆያል፣ ጉልበቱ ግን ከፍጥነቱ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል። የሞተሩ ቮልት የባትሪውን ሊያክል ሲቃረብ አዛዡ ሌላ ብልሃት ያመጣል፤ ከሁለቱ ቁጥሮች አንደኛውን፣ በማግኔቱ አቅጣጫ ያለውን፣ በተቃራኒ ልኮ የማግኔቱን ጉልበት ያዳክማል። ማግኔቱ ሲዳከም ተቃራኒው ቮልት ይወርዳል፣ ሞተሩም ወደ 10,000 ዙር ይሮጣል። ፍሪሲዮን የሌለው፣ ካምቢዮ የማይቀየርለት መኪና ሊኖር የቻለው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችንን ነገር ጣል ላድርግ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተርም ከኃይሉ በዚያው ልክ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። ጂቡቲ ላይ ያለው ጉልበት እንጦጦ አናት ላይም አለ።

ከእንጦጦ አናት ደግሞ መውረድ አለ፤ ወደ መጨረሻው ክፍል የሚያሸጋግረኝም ይህ ነው። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት የወረደ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አይጠፋበትም። ከፍታ ተከማችቶ የቆየ ጉልበት ነው፤ ስትወርዱ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፣ ወይ ሸራው ላይ ሙቀት ይሆናል ወይ ባትሪ ውስጥ ይገባል። ሁለት ሰው የጫነ 1,800 ኪሎ መኪና ከእንጦጦ ወደ መስቀል አደባባይ 600 ሜትር ያህል ቢወርድ የሚለቀው 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። እግር ከፔዳሉ ሲነሣ አዛዡ ኮረንቲውን ወደ ኋላ ያዞረዋል፣ ሞተሩ ዲናሞ ይሆናል። ንፋሱና ጎማው ድርሻቸውን ወስደው፣ በመንገድ የሚጠፋው ጠፍቶ፣ 2 ኪሎዋት ሰዓት ቢመለስ በ100 ኪሎሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ለሚበላ መኪና 13 ኪሎሜትር ያስኬዳል።

ግን ባትሪው የሚቀበለው ቦታ ካለው ነው። ከፍ ያለ ሰፈር የምትኖሩ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያላችሁ፣ ልብ በሉልኝ። ሌሊቱን 100 በመቶ ሞልቶ ያደረ ባትሪ ጧት ቁልቁለት ሲጀመር ምንም መጨመር አይችልም። ኮምፒውተሩ ሞተሩ እንዲይዝ አይፈቅድም፣ ወይም ጥቂት ብቻ ይፈቅዳል። ትናንት እግራችሁን ስታነሡ ራሱ ይዞ የነበረው መኪና ዛሬ ይለቀቅባችኋል። መኪናው አልተበላሸም፤ ተራው ፍሬን መሥራት አለበት። የመሙያውን ልክ 80 ወይም 90 በመቶ ላይ ማቆም የባትሪውን ዕድሜ ከመጠበቁም በላይ ለቁልቁለቱ ቦታ ይተዋል። ዳገቱ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሊያጋጥም ይችላል፤ መኪናው ሙሉ ጭኖ፣ በሙቀት፣ ለረጅም ጊዜ ሲወጣ ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። የኒዮዲሚየም ማግኔት ከመጠን በላይ ከሞቀ ማግኔትነቱን ያጣል፣ ቢበርድም አይመለስለትም፤ ስለዚህ አዛዡ ቀድሞ ይቆጥባል።

ለመካኒኮች የምለው አጭር ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ ከፍተኛ ቮልት ነው። ኢንቨርተሩ ውስጥ ኃይል የሚያከማች ካፓሲተር ስላለ መኪናው ከጠፋ፣ የባትሪው መለያያ ከተነቀለ በኋላም ወዲያው አይነካም፤ አምራቹ የጻፈውን የመጠበቂያ ደቂቃ ጠብቆ፣ በቮልት መለኪያ ዜሮ መሆኑን አይቶ ነው። በጓንቲ፣ ለዚሁ በተሠራ ጓንቲ። የሠለጠነ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ ብርቱካናማውን ተዉት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ መጎተቱ ነው። በነዳጅ መኪና የለመድነው ማርሽን ዜሮ አድርጎ በገመድ ማሰር ነው። ባለ ቋሚ ማግኔት ሞተር ግን ዜሮ ማርሽ ቢያስገቡትም ከጎማው አይለያይም። የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ ከዞሩ ሞተሩም ይዞራል፤ ሲዞር ቮልት ይፈጥራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ያ ቮልት የማይታዘዝ ሆኖ ወደ ኢንቨርተሩ ይገባል፣ ማቀዝቀዣውም አይሠራም። ኢንቨርተሩ ሊቃጠል ይችላል። ክሬን ጠርታችሁ ፊቱን ቢያነሣላችሁ ለቢዋይዲ ዶልፊን ይሆናል፤ የሚነዱት የፊት ጎማዎቹ ናቸው። በኋላ ጎማው ለሚነዳው አይዲ 4 ግን ፊቱን ማንሣት ጉዳቱን ማምጣት ነው፤ ባለ አራት ጎማ ነጂ ከሆነ ደግሞ በየትኛውም ጎን ማንሣት አይበቃም። አራቱም ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው በሎቤድ ላይ ይጫን፤ የክሬኑ ሾፌር «ችግር የለውም፣ ስንቱን ጎትቻለሁ» ቢላችሁ እንኳ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ወንበር እንጀምር።